ኪሴ ነዘረኝ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ወረቀት ነበር። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ልቀጠር ሄጄ ጨርቅም ክርም አላሳዩኝም። አሰልጣኟ ሮዛ ክር የሌለው ማሽን ፊት አስቀመጠችኝና መስመር የታተመበት ወረቀት ዘረጋችልኝ። መጀመሪያ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ቀጥሎ ሳጥን፣ መጨረሻ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚጠመዘዝ ክብ።

«በመርፌው መስመሩን ተከተዪ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች።

ቶሎ ጨረስኩ። ሮዛ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳችውና በብርሃን አየችው። ቀዳዳዎቹ መስመሩን ትተው በየአቅጣጫው ተበትነዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨረስኩ።»

«መጨረስሽንማ አየሁ። ኩፍኝ የያዘው ነው የሚመስለው። ድገሚ።»

ቤት ውስጥ ፌንጣ ነበር የሚሉኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። አባቴ ዩኒቨርሲቲ ያላስገባኝ ጭንቅላቴ ሳይሆን መቀመጫዬ እንደሆነ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሯል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ያገኘሁት ሥራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያስቀምጥ ሆነ። ከሳቢያን ሰፈር በጠዋት ሰርቪስ ይዞን ይሄዳል፣ በመልካ ጀብዱ በኩል ካለው ኢንዱስትሪ ፓርክ ያወርደናል፣ ከዚያ መቀመጥ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። ድሬ ዳዋ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይሠራም። አለቃም አንተ ነው፣ ሽማግሌም አንተ ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይም አንቱታ የለም። የምርት ክፍል ኃላፊያችን ግርማ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው። በመጣ ሰሞን አንዷ ኦፕሬተር «አንተ፣ ፋኑን አስነሳልን እንጂ» ስትለው ዞር ብሎ ከኋላው የቆመውን ሰው ፈለገ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

ሮዛ ያስተማረችኝ ዋናው ነገር ዓይን የት እንደሚቀመጥ ነው። «መርፌውን አትዪው፣ መርፌው የትም አይሄድም፤ ላይና ታች ነው የሚለው። ከመርፌው ፊት ያለውን ጨርቅ እዪ» ትላለች። ለመናገር ቀላል ነው። ዓይኔ ግን ጎረቤቴ ማሽን ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ የገባው ሰው ላይ ነበር።

ደግሞ ትልከኛለች። አንድ መስመር እንደጨረስኩ «ውሃ አምጪልኝ»። ተመልሼ ሁለት መስመር ስጨርስ «ውሃ አምጪልኝ»። ከሠልጣኞቹ ሁሉ እኔን መርጣ መላኳ ያናድደኝ ነበር። ያን ሁሉ ውሃ የት እንደምታደርገውም ይገርመኝ ነበር። ብቻ እየተላላክሁ ወረቀቱን ለመድኩት። ጨርቅ ተሰጠኝ፣ ክር ተሰጠኝ፣ ላይን ላይ ገባሁ።

ላይን ማለት ማሽኖች ተከታትለው የተደረደሩበት ነው። አንዷ ትከሻ ትገጥማለች፣ ቀጣይዋ እጅጌ፣ ቀጣይዋ አንገት። አንዷ ከቆመች ሁሉም ይቆማል። ከላይ ላይን ሊደር አለች፣ ከሷ በላይ ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያ ግርማ። በጎን ደግሞ ጥራት የሚቆጣጠሩት፣ የማንም ወዳጅ ያልሆኑት ኳሊቲዎች አሉ።

መርፌ ሲሰበር ያለውን ሥርዓት በደንብ ልንገራችሁ፣ በኋላ ያስፈልጋል። እግርሽን ከፔዳሉ ታነሻለሽ። እጅሽን ወደ ላይ ታነሻለሽ። ከወንበርሽ አትንቀሳቀሺም፣ ምክንያቱም ስብርባሪው ጭንሽ ላይ ወይም ጫማሽ ሥር ሊሆን ይችላል። ስብርባሪው ተለቅሞ ካርድ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ቁርጥራጮቹ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥሙ ሙሉ መርፌ መሆን አለባቸው። እያንዳንዱ የት እንደተገኘ ይጻፋል። ሙሉ ካልሆነ አዲስ መርፌ የለም፣ በዙሪያው ያለው ልብስ ሁሉ ከላይኑ ይወጣል። ቁራጩ ጨርሶ ካልተገኘ ልብሱ በመቀስ ይቆራረጣል።

የምንሰፋው የሕፃን ልብስ ነው። መርፌ የወጋው ሕፃን የት እንደወጋው መናገር አይችልም። ሮዛ ይህን ስትል ድምፅዋን አትቀይርም ነበር። እኔም አሁን ሳስተምር አልቀይርም። የሒጃብ መርፌ በር ላይ የሚቀረውም ለዚህ ነው፤ ልጆቹ ሒጃባቸውን አገጫቸው ሥር በክር ሰፍተው ነው የሚገቡት።

ሮዛ ከዚራ ሰፈር የራሷን ልብስ ስፌት ከፍታ ስትለቅ እኔ ላይን ሊደር ሆኜ ነበር። ግርማ ጠራኝና ማሠልጠኛውን ውሰጂ አለኝ።

«እኔ? እኔኮ መቀመጥ አልችልም» አልኩት።

«አሰልጣኝ ቆሞ ነው የሚሠራው» አለ። እውነቱን ነው።

ወረቀት ማደል ጀመርኩ። የሚመጡት ትምህርት በቅርብ የጨረሱ ልጆች ናቸው፣ አብዛኞቹ ገና አሥራዎቹን አልጨረሱም። እጃቸው ከእኔ እጅ ይፈጥናል። ስልክ ላይ ሲጽፉ ያደገ ጣት ነው፣ ሳያዩ ቁልፍ ያገኛል። ቀጥ ያለውን መስመር ያለ ምንም ችግር ይሄዱታል። ክቡ ላይ ሲደርሱ፣ መሐል ላይ፣ ቀዳዳዎቹ በድንገት ከመስመር ይወጣሉ። ወረቀቱን ወደ መስኮት ሳነሳ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ደህና ይሄድ ይሄድና ሰውዬው ቤት ለቆ የሄደ ይመስላል።

ቆሜ አየኋቸው። ክቡ መሐል ላይ አንገታቸው ቀና ይላል፣ እጃቸው ወደ ጋዋናቸው ኪስ ይሄዳል። ኪሱ ባዶ ነው። ስልክ በር ላይ ተቆልፎ ቁጥር ነው የሚሰጣቸው።

ሂክመት የምትባል ልጅ ነበረች፣ የመልካ ጀብዱ ልጅ። እጇ ኪሷ ውስጥ ሲገባ ያዝኳት።

«ምን ፈለግሽ?»

«ኪሴ ነዘረኝ።»

«ስልክሽ የት ነው?»

«ሎከር።»

«ታዲያ ምኑ ነዘረሽ?»

«አላውቅም። ግን ወላሂ ነዘረኝ።»

ሌሎቹ ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም። አንዷ «እኔንም ይነዝረኛል» አለች፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው።

ሂክመት ከሁሉም ፈጣን ነበረች፣ ከሁሉም ደግሞ ተበታታኝ። የሥራ መመሪያ ወረቀት ስሰጣት ሁለት መስመር ታነብና «አቦ፣ አጭሩን ንገሪኝ» ትላለች። አጭሩን ስነግራት መሐል ላይ ዓይኗ ይሄዳል። በምሳ ሰዓት ስልኳን ተቀብላ በር ላይ ቆማ ታየዋለች፣ ምሳዋን የምትበላው እየሮጠች ነው።

«ሳታዪው ብትውዪ ምን ትሆኛለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«የሆነ ነገር ያመለጠኝ ይመስለኛል።»

«ምን አምልጦሽ ያውቃል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አላየሁትማ።»



እንደምንም ወረቀቱን አለፈችና ላይን ላይ ገባች። ብዙም ሳትቆይ ማሽን ላይ ስልክ ይዛ ተገኘች። ግርማ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ ሌላ ጊዜ ከተገኘ ከበር አትገቢም አላት። አባቷ ጅቡቲ መስመር የሚሄድ ሾፌር ነበር፣ መኪናው ተገልብጦ እግሩ ተሰብሯል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው እሷ ብቻ ናት። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። ድሬ ውስጥ ከባድ ነገር እንደዚያ ነው የሚነገረው።

ከዚያ በኋላ ደህና ሆነች ብዬ ነበር። በር ላይ ስልኳን አስረክባ ቁጥሯን ይዛ ስትገባ አያለሁ። ያላወቅሁት፣ የምታስረክበው ስልክ የሞተ መሆኑን ነው። የወንድሟ አሮጌ ስልክ ነው፣ አይበራም። እውነተኛው ሒጃቧ ሥር ይገባል።

መርፌው የተሰበረው ጭነት ሊወጣ በተቃረበበት ቀን ነበር። ሙቀቱ ከፋኑ አቅም በላይ ነው። ከአንገት ገጣሚዎቹ በኩል «ጣ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለሰሚው ትንሽ ድምፅ ነው፣ እኛ ግን ከጫጫታው ሁሉ ለይተን እንሰማዋለን። ሂክመት እጇን አንስታለች።

ላይኑ ቆመ። ላይን ሊደሯ ካርድ ይዛ መጣች፣ እኔም ማግኔት የተገጠመለትን ዱላ ይዤ ደረስኩ። የላይኛው ቁራጭ ማሽኑ ላይ እንደታሰረ ነው። ጫፉ የለም።

ወለሉን ጠረግነው። ማሽኑን ፈታነው፣ የላይኛውን ቁራጭ ካርዱ ላይ ለጠፍነው። ሥሩ ተንበርክከን በባትሪ አየን። ሰፍታ የጨረሰችውን አንድ በአንድ ገለባበጥነው። የለም። ኳሊቲዎቹ መጥተው በዙሪያው ያለውን ልብስ በካርቶን መሰብሰብ ጀመሩ። ግርማ መጣና ካርቶኖቹን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ካልተገኘ ይሄ ሁሉ ይቆረጣል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እሷ ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም። እንደተማረችው ተቀምጣለች።»

ይህን ስናገር ነው የገባኝ። ሂክመት ተቀምጣለች። እግሯ አይወዛወዝም፣ አንገቷ አይዞርም፣ እጇ ኪሷ አይገባም። እንደ ሐውልት ናት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መቀመጥ ያቃተኝ ሰው ነኝ፤ እንደ እኔ ዓይነቷ ሴት ድንገት ጸጥ ካለች ሥርዓት አክብራ አይደለም።

ግርማ በእጅ የሚያዘውን የብረት መፈተሻ ሊያስመጣ ሄደ። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ስልክሽ የት ነው?»

«ሎከር።»

«ሂክመት።»

 በከንፈሯ ብቻ «ጭኔ ላይ» አለች።

ጋዋኗን ገለጥ አደረግሁት። እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ሽፋን ያለው ስልክ ነው፣ ምላሱ በማግኔት የሚገጥም። ምላሱ ላይ የመርፌው ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኛ በዱላ ማግኔት አገር ስናስስ፣ የእሷ ማግኔት ቀድሞን አግኝቶታል።

«መቼ አየሽው?»

«አሁን። ወላሂ አሁን ነው። ስልኩ ክፍት ነበር፣ መርፌው ሲሰበር ቶሎ ዘጋሁት።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «እህቴ፣ ማግኔትሽ ላይ አድርጊው። ከወለል አገኘሁት በይ። ማን ያያል?»

ማንም አያይም ነበር። ዱላው እጄ ላይ ነው፣ ጫፉ ከዱላው የአንድ ጣት ያህል ይርቃል። ልብሱ ይተርፋል፣ እሷም ትተርፋለች።

ጫፉን አንስቼ ካርዱ ላይ ካለው ቁራጭ ጋር ገጠምኩት። አልገጠመም። የክር ማስገቢያው ቀዳዳ አጠገብ ስንጣሪ ጎድሏል፣ የጥፍር ጥራጊ የምታክል።

«ከወለል ተገኘ ካልኩ ቀሪውን ወለል ላይ ይፈልጉታል» አልኳት። «ያለው ግን አንቺ ጋ ነው። ወይ ስልኩ ላይ፣ ወይ ጋዋንሽ ላይ፣ ወይ ስትሰፊው የነበረው አንገት ላይ። የት እንደተገኘ የሚጻፈው ለዚህ ነው።»

«ያባርረኛል።»

«ሊያባርርሽ ይችላል።»

«አባቴን ምን እለዋለሁ?»

«አላውቅም።»

አላውቅም ማለቴ ጭካኔ ይመስላል። ግን አላውቅም ነበር።

ግርማ መፈተሻውን ይዞ ሲመለስ ስልኩን ከጭኗ ልወስድና ልናገር አስቤ ነበር። አልደረስኩም። ሂክመት እጇን አነሳች። መርፌ ሲሰበር እንደሚነሳው፣ ክንዷን ቀጥ አድርጋ።

«አንተ» አለችው። «እኔ ጋ ነው። ስልኬ ላይ።»

«ምንሽ ላይ?»

«ስልኬ ላይ። አንድ ደግሞ ይጎድላል፣ ትንሽ ናት።»

ላይኑ በሙሉ ሰማ። ማሽን ስለቆመ ሳል እንኳ ይሰማ ነበር። ግርማ ስልኩን በሁለት ጣቱ ተቀበለ። የስልክ ሽፋን በምላጭ ሲቀደድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስንጣሪዋ በሽፋኑ ማጠፊያ ውስጥ ገብታ ተገኘች። ካርዱ ላይ ገጠምናት፣ መርፌው ሙሉ ሆነ። ልብሱ በመፈተሻው አልፎ ወደ ላይኑ ተመለሰ። ማሽኖቹ ተነሱ።

ግርማ ሂክመትን ቢሮ አስጠራት፣ እኔም ገባሁ።

«ምን እያየሽ ነበር?» አላት።

«ቪዲዮ።»

«የምን?»

«ሰውዬ ሐብሐብ ሲቆርጥ።»

«የምታውቂው ሰው ነው?»

«አይ።»

«ሐብሐቡስ የተለየ ነው?»

ትንሽ አሰበች። «ሐብሐብ ነው» አለች።

ግርማ ጠረጴዛውን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ደንቡን ታውቂዋለሽ» አለኝ።

«አውቀዋለሁ። አባርራት፣ ግን ነገ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ሎከሩ ውስጥ ስንት የሞተ ስልክ እንዳለ እኔም አንተም አናውቅም። ነገ ሌላዋ መርፌ ይሰበርባታል። እጇን አንስታ የተናገረችውን ምን እንዳደረግሃት አይታለች። ዝም ትላለች። ልብሱም ስብርባሪውን ይዞ ይወጣል።»

«ስለዚህ ስልክ ይዘው ይግቡ?»

«አላልኩም።»

«ታዲያ ምን ላድርጋት?»

«ለእኔ መልሳት። ወደ ወረቀቱ።»

 «ከወረቀቱ የምትወጣው እኔ ራሴ አይቼ ነው» አለ። «ከወደቀች ወደ በሩ ነው። አንቺም አትለምኚኝ።»

ሂክመትን እንደገና ክር የሌለው ማሽን ፊት አስቀመጥኳት። ስልኳን ጠዋት ጠዋት አብርታ አሳይታ እንድታስረክብ ተደረገ፣ ሌሎቹም እንዲሁ። አልጠቀማትም። ክቡ መሐል ላይ ስትደርስ ያው ነው፤ አንገት ቀና፣ እጅ ወደ ኪስ፣ መርፌ ወደ ሜዳ። ተቆጣኋት፣ ለመንኳት፣ ወንበሯን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ወረቀቱ ሲነሳ ኩፍኝ እንደያዘው ነው።

በዕረፍት ቀኔ ባጃጅ ይዤ ከዚራ፣ ሮዛ ጋ ሄድኩ። ጥላ ባለው መንገድ ዳር ትንሽ ቤት ናት፣ ሮዛ በር ላይ ተቀምጣ የቀሚስ ዘርፍ ትሰፋለች። ነገርኳት።

«እሷን እንዴት ነው የማስቀምጣት?» አልኳት።

«አንቺን እንዴት አስቀመጥኩሽ?»

«እየተቆጣሽ።»

«ሂጂ አቦ። አንቺን አስቀምጬሽ አላውቅም። መስመር በጨረስሽ ቁጥር ውሃ እየላክሁሽ ነበር እንጂ።»

«እሱማ ስለጠማሽ ነበር።»

«እኔ ግመል ነኝ? በመስኮት ቡገንቪላው ላይ ነበር የማፈሰው።»

ያን ቡገንቪላ አስታውሰዋለሁ። ከማሠልጠኛው መስኮት ሥር ያለው ከሁሉም ይበልጥ ያብብ ነበር።

በማግስቱ ሂክመትን አንድ መስመር ካሰፋኋት በኋላ ውሃ ላክኋት። ተመለሰች፣ ሁለት መስመር፣ ውሃ። ከዚያ ሳጥኑን። ከዚያ የክቡን ግማሽ። ተነሺ ስላት ብቻ ትነሳለች፣ ኪሷ ስለነዘራት አትነሳም። መጀመሪያ ልዩነቱ አልታየኝም። ቆይቶ ግን ውሃ ስላት «ቆይ ልጨርስ» ማለት ጀመረች።

በመሐል መጥፎ ቀንም ነበር። አንድ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ መጣች። እስኪነጋ ድረስ ስልክ ላይ ነበረች፣ አልዋሸችኝም። የዚያን ቀን ወረቀቷን ጨማድጄ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስልኩን ለአባቷ ትሰጠዋለች፤ አባቷ ከተሰበረው እግሩ ትራስ ሥር ያደርገዋል። «ካላነቃሁት አላገኘውም፣ ካነቃሁት ደግሞ ይሰድበኛል» አለችኝ።

ግርማ የሚያይበት ቀን ደረሰ። ሂክመት ክቡን ከዳር ወደ መሐል ሰፋችው። ግርማ ማሽኑ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል። የመርፌው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ተቋረጠ፣ ከዚያ ቀጠለ። ጨረሰችና ወረቀቱን ሰጠችው። ወደ መስኮቱ አነሳው፣ ሮዛ ታነሳው እንደነበረው።

ቀዳዳዎቹ ሁሉ መስመሩ ላይ ናቸው። አንዷ ብቻ ወጥታለች።

«ይቺስ?» አላት።

«እሷ ጋ ነዘረኝ።»

«እና?»

«እና ጨረስኩት።»

ግርማ ወረቀቱን አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። «ላይን ላይ አስገቢያት» ብሎኝ ወጣ።

በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት ሂክመት ማሽን ልጠቀም አለችኝ። ጋዋኗን አወለቀችና የኪሱን አፍ ከዳር እስከ ዳር ሰፋችው። ሁለቱንም ኪስ። ስትጨርስ ተቀብዬ እንደ ኳሊቲ ወደ ብርሃን አነሳሁት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር። አሁን የሠልጣኞቹ ጋዋን ሁሉ ያለ ኪስ ነው የሚመጣው። ግርማ ለእንግዶች የራሱ ሐሳብ እንደሆነ ይናገራል። ሂክመት አንገት ገጣሚ ናት። እጇ አሁንም አልፎ አልፎ ወደ ተሰፋው ኪስ ይሄዳል፣ ስፌቱን ይነካና ይመለሳል።

እኔም አሁን መስኮቱ ሥር ያለውን ቡገንቪላ አጠጣለሁ። አዲስ ለሚመጡ አሰልጣኞች የምለው ይህን ነው። ልጅ ማሽን ላይ መቆየትን የሚለምደው በመስመር በመስመር ነው፣ በመሐሉ መነሳት አለበት። መርፌ ሲሰበርበት ደግሞ እጁን ማንሳት እንዳይፈራ አድርጉ። እጁን የሚያነሳ ልጅ ይሠለጥናል።